«የመዘግየት መንስኤዎች» ለስንተኛ ጊዜ?

መመረቂያ ጽሑፍ በሚሠራበት ወቅት መጠይቁ ከአዲስ አበባ እንግሊዝ ድረስ በቴሌግራም ይመጣል። «በሕንፃ ፕሮጀክቶች ላይ የመዘግየት መንስኤዎች»፤ አርባ ምናምን ጥያቄ፣ ከ1 እስከ 5 ምልክት አድርጉ። አንዳንዱ ዝርዝሩን ከሌላ አገር ጽሑፍ እንዳለ ስለገለበጠ የውጭ ምንዛሬ ወረፋ እንኳ የለበትም!

ውጤቱም ይታወቃል። ተቋራጩ «ክፍያ ዘገየ»፣ አሠሪው «ተቋራጩ አቅም የለውም»፣ አማካሪው «ሁለቱም»። ከዚያ መንስኤዎቹን በደረጃ የሚያስቀምጠው አር አይ አይ (አንጻራዊ የአስፈላጊነት መለኪያ) ይሰላል፦ የነጥቦች ድምር፣ የመላሾች ቁጥር በ5 ተባዝቶ ለሚገኘው ሲካፈል። 40 መላሾች፣ ድምር 160፣ 0.80፤ አንደኛ። ሌላው 158፣ 0.79፤ ሁለተኛ። ለአንደኛው አንድ ሰው 5 ያለውን 3 ቢል ደረጃው እኩል ይሆናል። የመመረቂያው ምዕራፍ አራት፣ ማለትም ውጤቱ፣ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

እዚህ እንግሊዝ አድቫይዘር ከርዕሱ በፊት የሚጠይቀው «መረጃውን ከየት ታመጣለህ?» ብሎ ነው። የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳይገኝ ቃለ መጠይቅ የለም፤ ቅጹም ያሰለቻል። ደግሞ እዚህም ገነት አይደለም። ድርጅቶች ሰነዳቸውን በምስጢር ስለሚቆልፉ ብዙው ተማሪ ዞሮ ዞሮ እዚያው መጠይቅ ላይ ይወድቃል። አገር ቤት ግን የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ለሄደና ቡና ለጋበዘ ተማሪ የፕሮጀክቱን ሰነድ የሚይዘው ኦፊስ ኢንጅነር ፋይሉን ያወጣል። የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ ፋይሉ እያለ አስተያየት መልቀም!

«ክፍያ ዘገየ» ከተባለ ይቆጠር። ሦስት ፕሮጀክት፣ ከየአንዳንዱ 10 የክፍያ ሰርተፍኬት (ለተሠራው ሥራ ክፍያ የሚጸድቅበት ሰነድ)፣ ለእያንዳንዱ አራት ቀን፦ ተቋራጩ ያስገባበት፣ አማካሪው የፈረመበት፣ አሠሪው የተቀበለበት፣ ገንዘቡ የገባበት። 120 ቀኖች ናቸው። መለኪያው ውሉ ነው፤ ለምሳሌ በፈረንጅ 1999 በወጣው የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ (ዓለም አቀፍ መደበኛ የግንባታ ውል) መሐንዲሱ፣ ማለትም አማካሪው፣ የክፍያ ጥያቄው በደረሰው በ28 ቀን ውስጥ ሰርተፍኬቱን ያወጣል፣ አሠሪው ደግሞ ጥያቄው ለመሐንዲሱ ከደረሰበት ከዚያው ዕለት ተቆጥሮ በ56 ቀን ውስጥ ይከፍላል። የመንግሥት ውል ሌላ ቀን ሊል ስለሚችል የውሉን ልዩ ሁኔታዎች ሳያነቡ መቁጠር አይጀመርም።

የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፦ ለእርማት ተመልሶ የገባ ሰርተፍኬት የመጀመሪያ ቀኑ ይጠፋል፤ ያ ቀን የሚገኘው ከመዝገብ ቤት የገቢ ደብዳቤ መዝገብ ነው። አንድ ዓመት የተኛ ሰርተፍኬት አማካዩን ስለሚያጣምም ቀኖቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል የሚውለው ቁጥር ይወሰድ። ቃለ መጠይቁ የሚመጣው ከዚህ በኋላ፣ በጣም በዘገዩት አራት አምስቱ ላይ ብቻ። ደብዳቤው በእኛ አቆጣጠር፣ ሰርተፍኬቱ በፈረንጅ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ወደ አንዱ ይቀየር፤ ጳጉሜንን የረሳ ተማሪ አሠሪውን ያለ ጥፋቱ አምስት ቀን ያስከስሰዋል።