ለክቡር ልዩ መግቢያ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ቀን፦ ንዴቱ ሳይበርድ
ለክቡር ልዩ መግቢያ
ባሉበት
ጉዳዩ፦ እናቴን በመስታወት ስለ ማነጋገሬ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ። የመስታወትዎ ጥራት፣ ቀይና አረንጓዴ መብራትዎ፣ ሰው ፊት ላይ ሲዘጉ የሚያሰሙት ያ ጨዋ ድምፅ ሁሉ እንደነበረ መሆኑን ስሰማ ደስታዬ ወሰን የለውም። አመልካች በድሬዳዋ ከተማ የከዚራ ነዋሪ ስሆን ከክቡርነትዎ ጋር የምንተዋወቀው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። እርስዎ አያስታውሱኝም። ሥራዎ ሰው አለማወቅ ስለሆነ አልቀየምዎትም።

ያለፈውን አላነሳም። በባንኩ ውስጥ ‹ልዩ ደንበኞች› የሚል ሰሌዳ አንግበው፣ እኛ ‹ኔትወርክ የለም› ተብለን ቁጥራችንን ጨብጠን ስንጠብቅ፣ ለእርስዎ ወገን ኔትወርኩ ከየት እንደሚመጣ አልጠይቅም። በሠርግ አዳራሽ የፊት ሶፋዎችን በነጭ ሪባን አጥረው የሙሽራውን አጎት ከድምፅ ማጉያው ሥር ስላስቀመጡበት ቀንም ትንፍሽ አልልም። የክብር እንግዶቹ ለነገሩ አልመጡም።

የዛሬው አቤቱታ መርከቡን ብቻ ይመለከታል።

እህቴ ሮም ትኖራለች። እናቴና አክስቴ ጉልበታቸው ሳይከዳቸው አንድ ጊዜ ባሕር ይዩ ብላ በሜዲትራኒያን ላይ የሚዞር የመዝናኛ መርከብ ቆረጠችላቸው። ጅቡቲን ሁለቱም ያውቃሉ፤ የጅቡቲ ባሕር ግን ለእነርሱ ጨርቅና ሽቶ የሚራገፍበት ነበር እንጂ ቁጭ ተብሎ የሚታይ አልነበረም። እህቴ ከሥራዋ ፈቃድ ስላላገኘች እኔ አጃቢ ሆንኩ። ስለ ቪዛው አልዘረዝርም። የባንክ መግለጫ፣ የቀጠሮ ወረፋ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ‹ፎቶው ጆሮ አይታይበትም› መባል፣ ይህን ያላየ አንባቢ ካለ እንኳን ደስ ያለው።

ክፍል መምረጥ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ አገኘሁት። የውስጥ ክፍል የሚባለው መስኮት የለውም፤ መብራቱን ካጠፉት ቀኑ ከሌሊቱ አይለይም። ከእርሱ ከፍ ሲል መስኮቱ የማይከፈት የባሕር እይታ ያለው፣ ከዚያ ባለ በረንዳው፣ ከሁሉ በላይ ስዊት ይመጣል። በየመካከሉ ወጥመድ አለ። ‹እይታው በከፊል የተጋረደ› የሚለውን በቅናሽ የገዛ ሰው መጋረጃውን ሲገልጥ የሚያየው የነፍስ አድን ጀልባ ሆድ ነው። ከመዋኛው ወለል በታች ያለውን የያዘ ገና ጎህ ሳይቀድ ወንበር በራሱ ላይ ሲጎተት ይሰማል። ወደ አፍንጫው ወይም ወደ ጭራው የተጠጋ ማዕበል በመጣ ቁጥር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሆዱን የሚፈራ ሰው ከመርከቡ መካከል፣ ዝቅ ካለው ወለል ቢይዝ ይሻለዋል። ይህን ሁሉ በስልክ ላይ የወለሎቹን ካርታ በጣቴ እያሰፋሁ አጠናሁ። የባሕር በር የሌለው አገር ዜጋ ሆኜ ስለ ባሕር በረንዳ እህቴን አስተማርኳት።

ስለዚህ ለሁለቱ እናቶች ስዊት፣ ለእኔ የውስጥ ክፍል ተያዘ። የእኔን ቁጥር ኩባንያው ራሱ በመጨረሻ ይመድበዋል፤ ዋጋው የሚቀንሰው ምርጫውን ለኩባንያው ስለሚተዉለት ነው። ቅር አላለኝም። ክፍል ለመኝታ ነው።

እዚህ ላይ ነው ክቡርነትዎ የገቡበት።

በብዙ ትልልቅ መርከቦች ላይ ስዊት ማለት ሰፊ ክፍል ማለት ብቻ አይደለም። የራሱ ምግብ ቤት፣ የራሱ ሳሎን፣ የራሱ መዋኛና የፀሐይ ወለል፣ የግል አስተናጋጅ፣ ጉዳይ አስፈጻሚ፣ በመሳፈሪያና በመውረጃ ቅድሚያ ይሰጠዋል። የመርከብ ኩባንያው ኤምኤስሲ ይህን ‹ያት ክለብ› ብሎ እ.ኤ.አ. በ2008 ፋንታዚያ በተባለችው መርከቡ ላይ ጀመረው፤ ኖርዊጅያን ‹ዘ ሄቨን›፣ ሴለብሪቲ ‹ዘ ሪትሪት› ይሉታል፤ ኩናርድ ደግሞ ምግብ ቤቱን ‹ኩዊንስ ግሪል› ብሎ ከንግሥት ጋር አዛምዶታል። የእኛን መርከብ ባለቤት ስም አልጠራም፤ ጠቤ ከእርስዎ ጋር ነው። በብዙ ቦታ በሩን የሚከፍተው ካርድ ነው፤ ካርዱ የሚያውቀው ደግሞ የክፍል ቁጥር እንጂ ዘመድ አይደለም።

ገና ወደቡ ላይ ሳለን አንድ ሰው የእናቶቼን ስም በሰሌዳ ይዞ መጥቶ በልዩ መስመር ወሰዳቸው። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። እጄን አውለበለብኩላት። በሰላሳ ዓመት ትዳሯ የምድር ባቡር ሠራተኛ ሚስት የነበረች ሴት ናትና ሲሳፈሩ መለያየትን ታውቃለች፤ ባቡሩ ውስጥ እንገናኛለን ብላ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት እንዴት አደራችሁ ልል ተነሳሁ። ስልካችን በባሕር ላይ አይሠራም፤ ኢንተርኔቱ በብር ሲመነዘር የሚያስለቅስ ነው። የእኔ ክፍል ከኋላ፣ የእነርሱ ከፊት ከላይ። ከ300 ሜትር የሚበልጥ መርከብ አቋርጬ፣ ሊፍት ቀይሬ ከፊትዎ ቆምኩ። ካርዴን አስጠጋሁ። ጢጥ አሉ፤ ቀይ አበሩ። በሌላኛው የካርዱ ገጽ ሞከርኩ። ቀይ። በሸሚዜ ጠርጌ ሞከርኩ።

ነጭ ጓንት ያጠለቀ ወጣት ከውስጥ ብቅ አለ። ፈገግታው እጅግ ጥሩ ነበር። የክፍሌን ቁጥር ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ ፈገግታው አልቀነሰም፤ በሩም አልሰፋም።

በመስታወቱ ውስጥ እናቴ ከጓደኛዋ ከአክስቴ ጋር በአንድ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ትታያለች። ዲሪያዋን ለብሳ ነጠላዋን ጣል አድርጋለች። ፊት ለፊቷ የቁርስ ዓይነት ተደርድሯል፤ አልነካችውም። ሁለቱም አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሌኛ አጥርተው ይናገራሉ፤ ካስፈለገም ባቡሩ ያስተማራቸው ‹ቦንዡር› አለ። ይህ ሁሉ ቋንቋ በሜዲትራኒያን ላይ አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ማስመጣት አልቻለም። አየችኝ። ፊቷ በራ፤ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። እርስዎ ከውስጥ ለሚወጣ ሰው በራስዎ ፈቃድ ይከፈታሉ፤ ተከፈቱላት።

‹ግባ እንጂ! ምን ያስቆምሃል?›

ወጣቱ በመካከላችን በትሕትና ቆመ። ‹ልጄ ነው› አለችው በአማርኛ። በኦሮምኛ ደገመችው፤ በሶማሌኛ ሠለሰችው። ወጣቱ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀና እርሷን ወደ ውስጥ፣ እኔን ወደ ሊፍቱ አመለከተን።

እናቴ ተመልሳ ገባች። ተስፋ የቆረጠች መስሎኝ ነበር። ክቡርነትዎ ግን የድሬን ሴት አያውቁም። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ደርሶ ከተማችንን ከቆረቆረ ጀምሮ ስንት ፈታሽ መጥቶ ሄዷል፤ ስንት ጥቅል በስንት መስኮት አልፏል። አክስቴ ተነስታ ወጣቱን ‹ቦንዡር› አለችና ስለ ግድግዳው ሥዕል በኦሮምኛ ረጅም ጥያቄ ጀመረችለት። በዚያ መካከል እናቴ ነጠላዋ ከጎኗ አብጦ መጣች። ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ በሶፍት የተጠቀለለ ዳቦ፣ የአውራ ጣት የሚያህሉ የማርማላታ ብልቃጦች፣ አንድ ቁራጭ አይብ። አንድ በአንድ በበሩ ክፍተት አቀበለችኝ። እኔ፣ ጎልማሳ ሰው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ እንቁላል በኪሴ ከተትኩ።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። ‹ልጄ፣ ምን አጥፍተህ ነው?›

ምንም አላጠፋሁም አልኳት።

‹ታዲያ ለምን? በደርግ ጊዜ ለወንድሜ ስንቅ ሳመላልስ እንኳ አልፎ አልፎ ያገናኙን ነበር።›

ስማ እንግዲህ። ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅር፤ ድሬ ላይ ለሽማግሌም አንተ እንላለን፣ ለበር ሲሆን ምን ያስቸግራል። ሰፊ ክፍል የከፈለ ሰፊ ክፍል ይተኛ። ለስላሳ ፎጣ የከፈለ ለስላሳ ፎጣ ይድረሰው። ማንም አልቀናብህም። አንተ ግን የምትሸጠው ፎጣውን አይደለም፤ ውጭ የቆመውን ሰው ነው። እኔ ባልቆምልህ ኖሮ ዋጋህ ስንት ይሆን ነበር? ለዚያ ደግሞ ያቆምከኝ ከማላውቀው ሀብታም ፊት ሳይሆን ከወለደችኝ ሴት ፊት ነው፤ እርሷም ልጇ ወንጀለኛ መሆኑን ለማጣራት በሹክሹክታ እንድትጠይቅ አደረግካት። እ.ኤ.አ. በ1912 ታይታኒክ ላይ ሦስተኛ ማዕረግን ከሌላው የሚለየውን አጥር የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ተላላፊ በሽታ ፈርቶ ያዘዘው ነበር። አንተ ምን ፈርተህ ነው? መስኮት ማጣት ይጋባል?

በእኛም ባቡር ማዕረግ ነበረ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ተብሎ ተጽፎ፣ ሦስተኛው የእንጨት ወንበር፣ ጥቅልና ዶሮ። ነገር ግን እናት ልጇ በልቶ እንደሆነ ለመጠየቅ ፉርጎ ስትሻገር ያገደ ተቆጣጣሪ ከአባቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም፤ አባቴ ደግሞ ስለ ተቆጣጣሪዎች የማያወራው ክፉ ነገር አልነበረም።

ጓንት ያጠለቀውን ልጅ አልወቅስም። እርሱም ከእናቱ ርቆ በውል ለወራት ባሕር ላይ የሚኖር ሠራተኛ ነው። አክስቴ በሦስተኛው ቀን ወንበር ስባ ‹ተቀመጥና ብላ› ብላዋለች። አልተቀመጠም፤ እርሱም አይፈቀድለትም።

ወደ እንግዳ መቀበያው ወረድኩ። ወረፋ ነበር፤ ወረፋ ሳይ ትንሽ አገሬ ያለሁ መስሎኝ ተጽናናሁ። ተራዬ ሲደርስ ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯን አይታ ደስ ብሏት ‹ቦታ ማስያዣዎቻችሁ ተያይዘዋል እኮ› አለችኝ። ተያይዘው ካሉ በሩ ለምን አይከፈትም? ማያያዝ ማለት፣ አስረዳችኝ፣ በታችኛው ምግብ ቤት በአንድ ጠረጴዛ እንድንቀመጥ ማስታወሻ መያዝ ነው። የበሩ ፈቃድ የክፍሉ ነው። እናቴ ስዊቷን ትታ ወደ እኔ መውረድ ትችላለች፤ መርከቡ በሙሉ የእርሷ ነው። እኔ ወደ እርሷ መውጣት አልችልም። ልዩነቱን ከፍዬ ስዊት ልግባ ብል? ተሽጦ አልቋል። ለአንዲት ደቂቃ ገብቼ መድኃኒቷን የትኛውን መቼ እንደምትወስድ ላሳያትስ? ፎርም ሰጠችኝ። ፎርሙ ‹የጥያቄው ምክንያት› በሚለው ሥር አንድ መስመር ብቻ አለው። ‹እናቴ ናት› ብዬ ጻፍኩ። የሞላሁበት ቀን አመሻሽ ላይ መልስ መጣ፦ ጥያቄዎ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል።

የሚመለከተው ክፍል! ይህን ሐረግ ባሕር ተሻግሬ አገኘዋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ከዚያ በኋላ እናቶቼ በየቀኑ ያንን ሁሉ ርቀት በጉልበታቸው ወርደው ከእኔ ጋር በቡፌው አዳራሽ በፕላስቲክ ትሪ በሉ። የእህቴ ገንዘብ የከፈለበት የግል ምግብ ቤት ባዶ ጠረጴዛ ይዞ ሰነበተ። የግል አስተናጋጃቸው ሻይ ይዞ መርከቡን ሲያስስ አንዳንድ ቀን ያገኘናል፤ ከፎቁ ሁሉ ወርዶ ሻዩ በርዷል። እናቴ ‹ይሄ ልጅ ደከመ› ትላለች።

ስለሆነም ክቡርነትዎ (ንዴቴ ትንሽ በርዷል) በአንድ ስም ለአንድ ቤተሰብ ለተቆረጠ ትኬት ቢያንስ በቁርስ ሰዓት አረንጓዴ እንዲያበሩ፣ ይህም ካልተቻለ ‹ልጅዎ አይገባም› የሚለውን ቃል ከገንዘቡ በፊት በትልቅ ፊደል እንዲጽፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የውስጥ ክፍል ነዋሪ

ግልባጭ፦

ለእንግዳ መቀበያው፤ ከተያያዘው ጋር እንዲያያዝ።

ለእህቴ፣ ሮም፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ስዊቱ ይቅርብን። በዚያ ገንዘብ ከመርከቡ መካከል፣ በአንድ ወለል ላይ ጎን ለጎን የሆኑ ባለ በረንዳ ክፍሎች ያዢልን። በብዙ መርከቦች ላይ በሁለት በረንዳዎች መካከል ያለውን መከለያ ሠራተኞቹ ሲጠየቁ ይከፍቱታል፤ አንድ ሰፊ ደጃፍ ይሆንልናል። ምድጃና እሳት ግን መርከብ ላይ ክልክል ነው። አክስቴ ጀበናዋን ከአሁኑ በልብሷ መካከል ጠቅልላ አስቀምጣዋለች፤ አንቺው ደውለሽ ንገሪያት፣ እኔ አልደፍርም።