ባሕር ዳር የሚጠበቅ ሕንፃ የላትም?

ሰሞኑን በባሕር ዳር ከተማ ልማት ላይ በተደረገ ውይይት አንድ የሥራ ኃላፊ በዋና ዋና መንገዶች ዳር የሚገኙ ሕንፃዎች ፊታቸውን በመስታወትና አሉኮቦንድ በሚባለው የአሉሚኒየም ልባስ እንዲያለብሱ መታሰቡን ገለጹ። ስለ ነባሮቹ ሕንፃዎች ዕጣ ሲጠየቁም ከተማዋ ገና ወጣት እንደሆነች፣ ቅርሱ ያለው በጣና ደሴቶች ላይ እንደሆነ፣ እዚህ ለጥበቃ የሚበቃ ነገር እንደሌለ መለሱ። ይህም አልበቃ ብሏቸው ዱባይን በአርአያነት ጠቀሱ።

ዱባይን ካነሡ ዘንድ ሙሉዋን ማንሣት ነበረባቸው። በአል ፋሂዲ ሰፈር ነፋስ ወደ ቤት የሚያወርዱ ማማዎች ያሏቸውን የድሮ ቤቶች ጠግና ለጎብኚ የምታሳየው ያችው ዱባይ ናት። ቶርች የተባለው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ በ2007 እና በ2009 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ በእሳት ተያይዞ ነበልባሉ በውጭ ልባሱ ላይ ሲወጣ ዓለም ያየውም እዚያው ዱባይ ውስጥ ነው። ለእኛ የቀረበልን ግን የፖስት ካርዱ ዱባይ ብቻ ነው።

የሚጠበቅ ነገር የለም መባሉ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በከተማዋ እምብርት፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የቆመውን ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ሕንፃ፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ከነበረው ከስፔናዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ከፔድሮ ፓኤዝ ጋር የሚያያይዘውን ታሪክ ኃላፊው አልሰሙም ማለት ይከብዳል። ደግሞስ ቅርስ ማለት የግድ የመነኮሳት ቤት ማለት ነው ያለው ማን ነው? አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚመዝነው በሳይንሳዊ፣ በታሪካዊ፣ በባህላዊና በኪነ ጥበባዊ ዋጋው እንጂ በዕድሜው ብቻ አይደለም። በጣሊያን የጦር ካሣ የተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ፣ በቤዛዊት ኮረብታ ላይ አባይን ቁልቁል የሚያየው ቤተ መንግሥት፣ ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር በ1950ዎቹ ያወጣው ፕላን፣ ዘንባባ የተሰለፈባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች፤ እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ሲታዩ ባሕር ዳር ዘመናዊነትን ገና የምትለምን ሳትሆን ከስድሳ ዓመት በፊት የጀመረች ከተማ መሆኗን ይናገራሉ። ወጣትነቷ ራሱ ታሪኳ ነው፤ እሱን ነው በቆርቆሮ ሊሸፍኑት የሚፈልጉት።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያበሳጨኝ የፀሐይዋ ነገር ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በሚያዝያ አጋማሽ በቀትር ፀሐይ ልክ አናቷ ላይ የምትቆምባት ከተማ ናት። የቀትሯን ፀሐይ አጭር የጣሪያ ክፈፍ ይመልሳታል፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ አዘቅዝቃ ግድግዳውን ፊት ለፊት የምትመታውን ግን ሰፊ በረንዳ፣ ወፍራም ግድግዳና የዛፍ ጥላ ካልሆነ የሚችላት የለም። የድሮዎቹ ግንበኞች ይህን ለማወቅ ሴሚናር አላስፈለጋቸውም። ዛሬ ግን ወደ ምዕራብ የዞረ፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት የለበሰ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ ሄዶ ማየት ይበቃል፤ ሐይቁ እንዲታይበት ተብሎ የተገጠመው መስታወት በወፍራም መጋረጃ ተሸፍኗል፤ በጠራራ ፀሐይ መብራት በርቷል፤ ማቀዝቀዣው ያለ እረፍት ይጮኻል፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ ጄኔሬተሩ የእግረኛውን መንገድ በጭስ ይሞላዋል። ጥበቃው ወንበሩን ይዞ ጥላ እየተከተለ ከማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ከዚያ ሁሉ ወጪ ይልቅ በረንዳ ምን በደለ? ይህን የሚያዝዝ ሰው ወይ ከዚህ ከተማ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ አያውቅም፣ ወይም የሚቀመጠው ማቀዝቀዣ ባለበት ብቻ ነው።

አዲስ ነገር ጠላን የሚለን ካለ የአባይን አዲስ ድልድይ ይመልከት። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ 380 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ የሚያኮራ ሥራ ነው፤ አሮጌውንም ሳያፈርስ ነው ከጎኑ የቆመው። የሐይቁ ዳር መንገዶች መጽዳታቸውንም ማንም አይጠላም። አዲስ መሥራትና ያለውን ፊት መሸፈን ግን አንድ አይደሉም።

ወጪውስ የማን ነው? መስታወቱም ልባሱም በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው፤ ትልልቆቹ ሆቴሎች ይችሉት ይሆናል፤ ባለ ሁለት በር ሱቅ ያለው ነጋዴ ግን ለፊት ልባስ ይበደር ነው የሚባለው። ኃላፊው በሚቀጥለው መድረክ የቀለም ናሙና ይዘው ከመምጣታቸው በፊት ከ1950ዎቹና ከዚያ ቀደም ብሎ የተሠሩትን ሕንፃዎች መዝገብ ይዘው ይምጡ፤ የትኞቹ እንደማይነኩም በስም ያስነብቡ። መዝገቡ ከሌለም ለጥበቃ የሚበቃ ነገር የለም ያሉት ምኑን ቆጥረው እንደሆነ በዚያው ይንገሩን።