የ3000 ዋት ባለቤት

ደሴ ውስጥ አዲስ እስፒከር የገዛ ሰው ከእንግዳ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ዋት ነው?» ድምፁ ያምራል ወይ ያለኝ ሰው እስካሁን የለም። በሬ ሲገዛ ጥርሱን፣ በቅሎ ስትገዛ አረማመዷን አይቶ የሚከራከር ሕዝብ እስፒከር ላይ ሲደርስ ቁጥር አንብቦ ይከፍላል። እኔም የዚሁ ሕዝብ ልጅ ነኝና ከፒያሳ ማሸጊያ ካርቶኑ ላይ «3000 ዋት» የሚል በወርቃማ ቀለም የተጻፈበት ጥንድ እስፒከር፣ ከትንሽ አምፕሊፋየሩ ጋር ተሸክሜ መጣሁ። ለአራት ቀን የሠፈሩ ትልቅ ሰው እኔ ነበርኩ።

በአምስተኛው ቀን አንድ የአምባሰል ዘፈን ከፍቼ ክራሩን ብፈልገው የለም። ባሱ እንደ ሙቀጫ ድም ድም ይላል፤ ዘፋኟ ብርድ ልብስ ተከናንባ የምታንጎራጉር ትመስላለች። ለወሎ ሰው ይኼ ቀላል ነውር አይደለም። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የተጠሩት በእኛው አገር ስም ነው። እዚህ ተቀምጦ ባቲን አጥርቶ አለመስማት ወፍጮ ቤት ጎን እየኖሩ ዱቄት መበደር ነው።

ምክር በነፃ ነው፤ አንድ ወዳጄ «የእንቁላል ካርቶን ግድግዳው ላይ ለጥፍ፣ ስቱዲዮም እንዲያ ነው» አለኝ። ከየቁርስ ቤቱ ለምኜ ሰበሰብኩና አንዱን ግድግዳ ሸፈንኩት። ባለቤቴ ከሥራ ገብታ ቆማ አየችውና «ዶሮዎቹ መቼ ነው የሚመጡት?» አለች። ዶሮም አልመጣ፣ ድምፁም አልተሻለ። ካርቶኑ ስስና ቀላል ስለሆነ ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ይነካካው እንደሆነ እንጂ ለባስ መኖሩም አይታወቅም።

በመጨረሻ ወደ አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ልጅ ሄድኩ። ሃያ ምናምን ዓመት ቢሆነው ነው። ዕቃውን ሳይነካ «ጋሼ፣ እስቲ የአዳፕተሩን ጀርባ ያንብቡልኝ» አለኝ።

«12 ቮልት፣ 2 አምፒር።»

«ሲባዛ?»

«24።»

«በቃ፣ የሚገባለት 24 ዋት ነው። ካልገባለት ከየት አምጥቶ ያወጣል?»

«የቀረው 2976ስ?»

«እሱ የካርቶኑ ነው።»

ሰው የሚደነግጠው እንዲህ በለሆሳስ ሲነገረው ነው። ልጁ ግን አዘነልኝ መሰለኝ፣ «አብሽሩ» አለና አስረዳኝ። ካርቶን ላይ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥር አንድ ወጥ መለኪያ የለውም፤ መታየት ያለበት አር ኤም ኤስ የሚባለው፣ ሳያቋርጥ መስጠት የሚችለው ነው። እሱም ቢሆን ዋቱ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ በ3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ብቻ ነው ከፍ የሚል፤ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል ዐሥር እጥፍ ገደማ ኃይል ይፈልጋል። እኔ ደግሞ 24 ዋት ይዤ ሠፈር ሳስጨንቅ ከርሜያለሁ። ስለዚህ የጎደለኝ ዋት አልነበረም።

ቤቴ ድረስ መጣ። ሲገባ መጀመሪያ ያደረገው ማጨብጨብ ነው። አንዴ ጠፍ ሲያደርግ ባዶው ግድግዳና ሊሾው ወለል ድምፁን እየተቀባበሉ እንደ ጭረት ያለ የገደል ማሚቶ መለሱለት። «ወፍራም ጨርቅ አለ?» አለ። ደሴ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ወፍራም ጨርቅ አለ ወይ ብሎ ነገር! የአያቴን ባና ከሣጥን አውጥተን ከእስፒከሮቹ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅን ሰቀልነው፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘረጋን። ዳግመኛ ሲያጨበጭብ ጭረቱ የለም። ባለቤቴ እንኳ «እንዴ!» አለች፤ ከእሷ አፍ ይኼ ሽልማት ነው።

ቀጥሎ እስፒከሮቹን ከጥግ አወጣ። ጥግ ባስን ያሳብጣል፤ ሁለቱ ግድግዳና ወለሉ ተባብረው ይገፉታል። አፋቸውን ወደ ጆሯችን ቁመት አነሣን፤ መቆሚያው ሁለት የቢራ ሣጥን ነው። ይኼን ሁሉ ሠርቶ ሄደ።

ሽቦው ስለማይደርስ አዲሱን የቀጠልኩት ራሴ ነኝ፤ እዚህ ጋ ብዙ ባላወራ ደስ ይለኛል። የአንዱን ቀይና ጥቁር አቀያይሬው ኖሮ ሁለቱ እስፒከሮች፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ፣ ባሱን እርስ በርስ አጠፋፉት። ስልክ ደውዬ «ዘፋኟ ከየት እንደምትዘፍን አልታወቅ አለኝ» ስለው ልጁ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «አንዱን ይገልብጡት» አለኝ። ገለበጥኩት። ዘፋኟ መሀል ላይ መጥታ ቆመች፤ ክራሩም ከጎኗ፣ አውታሩ አንድ በአንድ። ሚሞሪ ላይ ቦታ እንዳይፈጁ ከሰው ወደ ሰው እየተጨመቁ የመጡትን ዘፈኖች ግን ማንም አላዳናቸውም፤ ሲጨመቅ የተጣለው ድምፅ በባና አይመለስም።

ወጪዬ የሽቦውና የልጁ ብቻ ሆነ። በዚሁ ኩራት ላይ እያለሁ ዓርብ ጠዋት የጎረቤታችን እናት መጡ። ግድግዳችን አንድ ነው፤ እስፒከሩ የነበረበት ጥግ ከእሳቸው መኝታ ጀርባ ነበር።

«ልጄ፣ ደኅና ነህ? ታመምክ እንዴ?»

«ደኅና ነኝ፣ እማማ። ምነው?»

«ትናንት ማታ መንዙማው ቀረብኝ። ሁለት ወር ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ድቤው ሲመታ ቡናዬን አፍልቼ፣ ዱዓዬን ከድቤው ጋር ነበር የማደርገው። ክርስቲያን ሆኖ ለኔ ብሎ መንዙማ የሚከፍት ጎረቤት ሰጠኝ ብዬ ስንቴ መረቅሁህ!»

ባለቤቴ ወደ ጓዳ ሮጠች፤ ሳቋ እዚያ ሲፈነዳ ሰማሁት። ግድግዳ የሚያሳልፈው ወፍራሙን ድምፅ ነውና፣ እኔ ሐሙስ ማታ የምደንስባቸው ዘፈኖች ቃላቸው እኔ ዘንድ ቀርቶ ድቤያቸው ብቻ ነበር የሚሻገርላቸው።

«ዕቃው ተበላሽቶ ነው፣ እማማ። ይሠራል» አልኳቸው።

«አላህ ያሳምርልህ፣ የኔ ልጅ» ብለው ወጡ።

አሁን ዓርብ እስከ ረቡዕ ክራር እሰማለሁ። ሐሙስ ሲመሽ የግራውን እስፒከር ከነቢራ ሣጥኑ ገፍቼ ጥጉ ላይ አስጠጋዋለሁ፤ የምከፍተውም መንዙማ ነው፣ እውነተኛው። ባለፈው ሳምንት ጨርሼ ልዘጋ ስል ግድግዳው ሁለቴ ተንኳኳ። «ልጄ፣» አሉ ከወዲያ፣ «ያኛው ይሻል ነበር።»