ከ50 በኋላ ንግድ መጀመር፦ ጥሪቷን ታውጣ ወይስ ትያዝ?

የክርክሩ ጥያቄ ይህ ነው። ዕድሜዋ ከ50 ያለፈ ሴት ያጠራቀመችውን ገንዘብ አውጥታ አነስተኛ ንግድ ብትጀምር ይበጃታል? ደጋፊዋ በ52 ዓመታቸው የልብስ ስፌት ሥራ የጀመሩ እናት ናቸው። ተቃዋሚዋ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ሂሳብ የሚሠሩ ባለሙያ ናቸው። በክርክሩ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦ ይበጃታል። እንዲያውም በ25 ዓመቷ ከምትጀምር በዚህ ዕድሜዋ ብትጀምር ይሻላታል ባይ ነኝ።

እኔ ስጀምር ያልመከረኝ ሰው የለም። "አሁንማ የማረፊያሽ ጊዜ ነው" ይሉኛል። ማረፊያ የሚሉት የቱን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቤት የያዘች ሴት መቼ አርፋ ታውቃለች?

ንግድ የወጣት ነው የሚባለው ነገር በቁጥር ሲፈተሽ አይቆምም። አሜሪካ ውስጥ የድርጅት መሥራቾችን ዕድሜ የመረመረ ጥናት በ2020 ታትሟል። ያየው 2.7 ሚሊዮን መሥራቾችን ነው። ከሁሉም በፍጥነት ያደጉት ድርጅቶች መሥራቾች ሲጀምሩ አማካይ ዕድሜያቸው 45 ነበር። የ50 ዓመቱ መሥራች የመሳካት ዕድል ከ30 ዓመቱ እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዘርፍ ሠርቶ ማወቅም ትልቅ ድርሻ አለው።

እኔ ይህን በእጄ ነው የማውቀው። አንዷ ቀሚስ ላሳጥር ብላ ትመጣለች። ስፒሎቹን በከንፈሬ ይዤ እግሯ ሥር እንበረከካለሁ። መጀመሪያ የማየው ጫማዋን ነው። ዛሬ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጋ መጥታ በሰርጉ ቀን ባለ ተረከዝ ከሆነ የምታደርገው፣ ልኬቱ ይበላሻል። ያን ቀን ቀሚሱ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ይንጠለጠላል። "በየትኛው ጫማ ነው የምትለብሽው?" እላታለሁ። ይህቺን ጥያቄ ማንም አላስተማረኝም። 30 ዓመት ለቤቴ ስሰፋ፣ አበላሽቼ ስፈታ ነው ያገኘኋት። በ25 ዓመቴ ቢሆን ጨርቁን ከቆረጥኩት በኋላ ነበር የማስበው።

ተቃዋሚ፦ እትዬ፣ ሙያዎን አልጠራጠርም። እኔን የሚያስፈራኝ ገንዘቡ ነው።

የጠቀሱት ጥናት ያየው ሠራተኛ የቀጠሩ ድርጅቶችን ነው። በአንድ ማሽን ብቻዋን የምትሠራ ሴት እዚያ ውስጥ የለችም። እዚያው አሜሪካ ከሚከፈቱት ንግዶች ከ5ቱ 1 ያህሉ ዓመት ሳይሞላው ይዘጋል። በ5 ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህሉ የሉም። የ28 ዓመቷ ብትከስር ተቀጥራ ትሠራለች፣ ጊዜ አላት። የ56 ዓመቷ የዕድሜ ልክ ጥሪቷን በምን ጊዜ ትተካዋለች?

የአንዲት ደንበኛዬ ደብተር ዓይኔ ላይ ነው። ሱቋ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን እንዳላተረፈ እንድነግራት ይዛው መጣች። ሽያጯ ጥሩ ነበር። በየገጹ ግን ከሽያጩ መሃል በቀይ እስክሪብቶ የተጻፉ መስመሮች አሉ። "ለልጄ የቤት ኪራይ።" "ለመድኃኒት።" "ለወንድሜ፣ ይመልሳል።" አንድ በአንድ ደመርኳቸው። ድምሩ ከትርፏ በለጠ። ሱቁ ከስሮ አልነበረም፣ ተበልቶ ነው። ድምሩን ሳሳያት ረጅም ሰዓት ዝም አለች። እኔም ምን እንደምላት ጠፋኝ።

ይህ የእሷ ብቻ ችግር አይደለም። ስሪላንካ ውስጥ ተመራማሪዎች በዕጣ ለመረጧቸው ጥቃቅን ነጋዴዎች መነሻ ገንዘብ ሰጥተው ነበር። ውጤቱ በ2009 ታተመ። የወንዶቹ ትርፍ ከፍ አለ። የሴቶቹ ግን ምንም ፈቀቅ አላለም።

ደጋፊ፦ ልጄ፣ ያ ጥናት ቀጣይ አለው። በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች የስሪላንካን፣ የህንድንና የጋናን መረጃ አንድ ላይ አዩት። ለሴቶቹ የተሰጠው ገንዘብ የት ገባ ብለው ጠየቁ። ብዙ ቤት ውስጥ የገባው ባል ንግድ ውስጥ ነው። በቤቱ ያለው ንግድ የእሷ ብቻ ሲሆን ግን ሴቷም እንደ ወንዱ አትርፋለች። እንግዲህ ጉድለቱ ከሴቷ አይደለም፣ ከዕድሜዋም አይደለም። ገንዘቡ እሷ እጅ አልቆየም።

ተቃዋሚ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው እኮ! በ55 ዓመቷ ቤተሰቡ ሁሉ በእሷ ላይ ነው። ልጆቿ አድገዋል፣ ግን ራሳቸውን አልቻሉም። ወላጆቿ አርጅተዋል። ባልም ሐሳብ አለው። በዚህ ዕድሜ የእሷን መሳቢያ የማይከፍት የለም።

ደጋፊ፦ ገንዘቡ ባንክ ቢቀመጥስ የማይጠይቃት ማን ነው? እስኪ ይህን መልሺልኝ።

ባንክ ያለ ገንዘብ "ለጊዜው አበድሪኝ" ሲሏት ምን ብላ ትመልሳለች? ምክንያት የላትም። እምቢ ካለች ጨካኝ ትባላለች። እኔ ግን ዛሬ "ጨርቅ ገዝቼበታለሁ" እላለሁ። መደርደሪያው ላይ ይታያል፣ ውሸት የለውም። ጥቅል ጨርቅ ማንም አይበደርም። እህቴ ራሷ ስትጠይቀኝ ያዳነኝ ይህ ነው። ተቀያይመንም አልቀረንም፣ በሳምንቱ መጥታ ቁልፍ ስትተክልልኝ ዋለች።

ሌላው ነገር፣ ከራሷ ጥሪት ሌላ ማን ይሰጣታል? አሜሪካ ውስጥ እንኳ ሴት የንግድ ብድር ስትጠይቅ የወንድ ዘመድ ፊርማ አምጪ የሚሉ ግዛቶች ነበሩ። ያን በሕግ ያስቀሩት በ1988 ነው። ትናንት ማለት ነው። አነስተኛ ብድር ተገኘ ቢባል ደግሞ ክፍያው በሳምንታት ውስጥ ይጀምራል። ህንድ ውስጥ የመጀመሪያውን ክፍያ ከሁለት ሳምንት ወደ ሁለት ወር ያራዘሙላቸው ሴቶች ንግዳቸው ላይ የበለጠ አወጡ፣ ኋላም የበለጠ አተረፉ።

ተቃዋሚ፦ ጥናቱን አውቀዋለሁ፣ በ2013 የታተመው ነው። ሳይከፍሉ የቀሩትም በዚያው ቡድን ነው የበዙት። ፋታው የጠቀማቸው አሉ፣ የጣላቸውም አሉ።

ስለ ጨርቁ ያሉት ግን እውነት ነው። እኔ እንዲያ አስቤው አላውቅም። ያቺ ደንበኛዬም መደርደሪያዋን ብታሳይ ኖሮ ያ ቀይ መስመር ይቀንስ ነበር። ያም ሆኖ ጥሪቷን በሙሉ ታውጣ ማለት አልችልም። ከቤቷ ትጀምር። በትዕዛዝ ትሥራ። ለራሷ ደመወዝ ትቁረጥ፣ ትንሽም ብትሆን። ለሰው ስትሰጥ ከደመወዟ እንጂ ከሽያጩ አትስጥ። ስድስት ወር በዚህ መንገድ አትርፋ ካየች በኋላ የኪራይ ውል ትፈርም። እኔ አብዛኞቹን ሲጥላቸው ያየሁት ኪራይ ነው። ገበያ ኖረም አልኖረም ወሩ ሲደርስ ይከፈላል።

ደጋፊ፦ ደመወዝ ያልሽውን እኔም ዘግይቼ ነው የጀመርኩት። በመጀመሪያው ዓመት ባደርገው ኖሮ ብዙ እንቅልፍ አገኝ ነበር። በኪራዩ ግን አልስማማም።

ከቤት የምትሠራ ሴት ሥራዋ ሥራ አይመስልም። ጎረቤት በነጻ ያሰፋል። ዘመድ "እግረ መንገድሽን" ይላል። እሷም ብትሆን ዋጋ ለመጥራት አፏ አይደፍርም። እኔ በር ከፍቼ ታፔላ የሰቀልኩ ዕለት ነው ሰው ዋጋ የጠየቀኝ። አራት ወር ኪራዩን ከጥሪቴ ከፈልኩ። በአምስተኛው ወር አንድ ሰውዬ በመንገድ ሲያልፍ ታፔላውን አይቶ ገባ። ለሠራተኞቹ 40 የደንብ ልብስ አዘዘ። ንግዴ የቆመው በዚያ ነው። ቤቴ ሆኜ ብሰፋ ያ ሰው በሬን አያንኳኳም።

ተቃዋሚ፦ ባያልፍስ ኖሮ? እውነቱን ይንገሩኝ እትዬ። ያኔ ከጥሪትዎ የስንት ወር ኪራይ ቀርቶዎት ነበር?

ደጋፊ፦ የሦስት ወር።

ተቃዋሚ፦ የሦስት ወር። እኔ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ያቺ ሦስት ወር ናት።

ደጋፊ፦ እኔንም ነስታኛለች። ጠዋት ግን ተነስቼ ከፈትኩ።