«ምንም አይሉም»

አራት ኪሎ፣ ካፌ ውስጥ፣ ከማኪያቶ ብርጭቆዎቹ መሃል ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይንከባለላል። ጨዋታው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገፀ ባሕርይ ይዞ በምናብ ከጭራቅ ጋር ይዋጋል። ዲኤሙ (ጨዋታውን የሚመራው፣ ጭራቁም ዳኛውም እሱ የሆነው ሰው) «ከግድግዳው ሦስት ጥላዎች ወጡ» ይላል። «ከባድ ናቸው እንዴ?» ሲባል ስልኩን አየት አድርጎ «ኧረ ምንም አይሉም! ሲአራቸው ግማሽ ናት» ብሎ ይመልሳል። በሁለተኛው ዙር ዊዛርዱ (አስማተኛው ገፀ ባሕርይ) ሞተ።

የዊዛርዱ መሞት አይደለም የሚያበሽቀው። ዳይስ ነው፣ ይገድላል። የሚያበሽቀው ያቺ «ምንም አይሉም» ናት።

ሲአር፣ ሙሉ ስሙ ቻሌንጅ ሬቲንግ፣ በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ለጭራቅ የሚሰጥ የክብደት ቁጥር ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ አልነበረም፤ በ2000 ከሦስተኛው እትም ጋር መጣ። ከ0 እስከ 30 ይደርሳል። ሲአር 3 የተባለን ጭራቅ አራት የሌቭል 3 ተጫዋቾች፣ አርፈው፣ ታጥቀው፣ ማንም ሳይሞትባቸው ይጥሉታል ተብሎ ይታሰባል። አራት፣ ያረፉ፣ የታጠቁ። ዲኤሞቻችን ከዚህ ሁሉ የሚይዙት 3ን ብቻ ነው።

አሰራሩም ቢሆን የሚያስተማምን አይደለም። በ2014ቱ እትም መሠረት ከጭራቁ ኤችፒ (የሕይወት ነጥብ) እና ኤሲ (ለመመታት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚያሳይ ቁጥር) የመከላከያ ሲአር ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች በአማካይ ከሚያደርሰው ጉዳትና ከመምቻ ቦነሱ ደግሞ የማጥቂያ ሲአር። ሁለቱ ተደምረው ለሁለት ይካፈላሉ። ቃሪያና ማር ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል አልጫ ይወጣዋል እንደማለት ነው።

ጥላውን በዚሁ በ2014ቱ እትም እንየው። ኤችፒው 16፣ ኤሲው 12፤ በወረቀት ላይ ምስኪን ነው። ግን በመታ ቁጥር ከኤችፒ ሌላ ከ1 እስከ 4 የሚደርስ ጉልበት ይቀንሳል። ኤችፒህ ዜሮ ቢገባ ትወድቃለህ፣ ሦስት ጊዜ ዳይስ እስኪከዳህ ድረስ ጓደኛህ መድኃኒት ሊያጠጣህ ይችላል። ጉልበትህ ዜሮ ከገባ ግን መውደቅ የለም፤ ሞት ነው። ዊዛርድ አብዛኛውን ጊዜ ጉልበቱ 8 ነው፣ ኤሲው 12 አካባቢ። ሦስት ጥላ ሲረባረብበት በሁለት ዙር አራት ያህል ምት ያርፍበታል፣ በአማካይ 10 ጉልበት ማለት ነው። ጉልበቱ 16 ለሆነው ተዋጊ እውነትም ምንም አይሉም። ክሌሪክ (እንደ ጥላ ያሉ ሙታን ጭራቆችን የሚያባርር ካህን) ካለ ደግሞ ስቀው ይጨርሷቸዋል። ጥያቄው «ከባድ ናቸው?» ሳይሆን «ለማን?» ነበር።

ለማን የሚለው ነገር እኛ ከተማ ውስጥ ጠፍቷል። ምግብ ቤት ገብተህ «አዋዜው ያቃጥላል?» ብለህ ጠይቅ። «ምንም አይልም!» የምትልህ ልጅ በሚጥሚጣ ያደገች ናት። እንባህን በሶፍት እየጠረግህ ስታያት «ትንሽ ለመድ ማድረግ ነው» ትልሃለች። መንገድ ጠይቅ ደግሞ። ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ? «ቅርብ ነው፣ ቀጥ ብለህ መሄድ ነው።» ቀጥ ማለቱ እውነት ነው፤ ዳገቱን ግን ማንም አይነግርህም። ሻንጣ መያዝህን፣ ጫማህን፣ ዕድሜህን የሚያይ የለም። የሚነግርህ ሰው የራሱን ጉልበት ነው የሚነግርህ። ለዚያውም ቆሞ!

ብቻ ወደ ጭራቁ እንመለስ። የምወደው ተረት አለ፦ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ይህን ተረት አበላሽተውብኛል። የሚጠቀሰው መዋጮ ሊሰበሰብ ሲል ነው፤ ተሰብሳቢው ሁሉ ድር፣ ሰብሳቢው ደረሰኝ። ስለ አንበሳው ግን ማንም አያስብም። ተረቱ በትክክል የሚሠራበት ቦታ ቢኖር ይህ ጨዋታ ነው። ኦገር (ግዙፍ ጭራቅ ነው) በ2014ቱ እትም ኤችፒው 59፣ ሲአሩ 2፣ በአንድ ምት በአማካይ 13 ጉዳት ያደርሳል። ሌቭል 3 የሆኑ አራት ሰዎች ፊት ብቻውን ሲቆም ግን ለእሱ አንድ ተራ፣ ለእነሱ አራት ተራ ነው። አንበሳው ታሰረ።

ድሩ በጭራቆቹ በኩል ሲሆንስ? ጎብሊን (ትንሽዬ ጭራቅ ነው) ሲአሩ ሩብ፣ ዋጋው 50 ኤክስፒ (የልምድ ነጥብ) ነው። በ2014ቱ ስሌት ሁለት ጎብሊን 100 ነው፤ ሁለት ስለሆኑ በ1.5 ይባዛል፣ 150። ለአራት የሌቭል 1 ተጫዋቾች ይህ ቀላል ነው። አራት ጎብሊን 200፤ ከሦስት እስከ ስድስት ሲሆኑ ማባዣው 2 ነው፣ 400። ለእነዚያው ተጫዋቾች የ«ገዳይ» መስመር ደግሞ ለአንዱ 100፣ ሲባዛ በ4 ነው፣ ልክ 400! የጭራቁ ሲአር ቅንጣት አልተለወጠም፤ ሁለት ጎብሊን ጨመርክና ከቀላል ወደ ገዳይ ተሻገርክ። ይህን ስሌት የሚዘል ዲኤም «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው» ከሚለው የታክሲ ረዳት በምን ይለያል? (በ2024ቱ እትም ማባዣው ራሱ ቀርቷል። ለሰነፍ ዲኤም ከዚህ የተሻለ የምሥራች የለም።)

ሌላም አለ። የ2014ቱ መጽሐፍ በአንድ የጨዋታ ቀን ከስድስት እስከ ስምንት ውጊያ፣ በመሃል ሁለት አጭር ዕረፍት ይጠብቃል። እኛ ዘንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሦስት ሰዓት ጊዜ ይገኛል፤ ግማሹ በወሬ ያልቃል፣ አንድ ውጊያ ይደርሳል። አስማቱን ሁሉ ሳይቆጥብ አንድ ጭራቅ ላይ የሚያራግፍ ተጫዋች ፊት «ከባድ» የተባለው ይቀልላል። ዲኤሙ ይናደዳል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያከብደዋል፣ አንዱ ይሞታል፣ ያኮርፋል።

ዊዛርዱን ረሳነው። ጥላ የገደለው ሰው ክፉ ካልነበረ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለ ጊዜ ውስጥ ጥላ ሆኖ ይነሳል። ሦስቱ ካልሞቱ እሱ ተጨምሮ አራት ናቸው፣ እያንዳንዱ 100፣ በድምሩ 400 ኤክስፒ፣ በ2 ሲባዛ 800። የቀሩት የሌቭል 3 ተጫዋቾች ሦስት ስለሆኑ 675 ላይ «ከባድ» ይጀምርባቸዋል። ዲኤሙ ግን ስልኩን እያየ ነው። የዊዛርዱም ሲአር ግማሽ ናት።