ምስጋና ለእቅበተ እምነት አርበኞቻችን

ባለፈው ሰሞን ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ከጎኔ የተቀመጡ ሁለት ጎልማሶች ንፍሯቸውን እየቆረጠሙ «ፍትሐት ለሞተ ሰው ይጠቅማል፣ አይጠቅምም» ብለው ክርክር ገጠሙ። የሟች እናት ሦስት ወንበር አልፈው ተቀምጠዋል። ይሰማሉ። ከዚህ በላይ ማጽናናት ከየት ይመጣል!

የእቅበተ እምነት አርበኞቻችንን፣ ማለትም እምነታቸውን በክርክር የሚጠብቁትን፣ ታውቋቸዋላችሁ። እናንተም ሰፈር አሉ። አንዱ «ሮሜ 8፥34» ሲል ሌላው የሚሰማ ይመስላል እንጂ አይሰማም፤ የራሱን ጥቅስ በአውራ ጣቱ እየፈለገ ነው። ጳጳሳት በጥንቱ የኬልቄዶን ጉባኤ ተሰብስበው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ያልተስማሙበትን ጉዳይ ከመገናኛ ፒያሳ እስኪደርሱ ሊቋጩት ይታገላሉ። ታክሲው ሞልቶ ሂሳብ ሲጠየቅ እንኳ አይሰሙም። እንዲህ ያለ ትጋት ምስጋና ሲያንሰው ነው።

ከሁሉም የማደንቀው ግን የቲክቶክ ላይቩን ሰውዬ ነው።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይገባል። በጸሎት ይከፍታል። አሜን ከማለቱ «ታፕ ታፕ አድርጉ፣ ሼር አድርጉ» ይላል። ከጀርባው መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ የአንዳንዶቹ ላስቲክ ገና አልተቀደደም። ተጋጣሚው ይመጣል። «ወንድሜ፣ በፍቅር ነው የምጠይቅህ» ይለዋል። ይቺን ቃል ስትሰሙ ልጆቻችሁን ከአጠገባችሁ አርቁ። ጥያቄው ስለ ምሥጢረ ሥላሴ ነው፤ መልሱ ደግሞ «አዎ ወይም አይደለም» ብቻ መሆን አለበት። ሰውዬው ለማስረዳት አፉን ሲከፍት ማይኩ ይዘጋበታል። «አያችሁ፣ መልስ የለውም!»

6 ሰዓት ላይ ርእሱ ከሥላሴ ወደ ጾም ይሻገራል። 7 ሰዓት ላይ ከጾም ወደ ታቦት። 8 ሰዓት ላይ ከታቦት ወደ ተጋጣሚው የትምህርት ደረጃ። አንዱ «መናፍቅ» ይላል፣ ሌላው «ጣዖት አምላኪ» ይመልሳል። ትንሽ ቆይቶ የእናት ስድብ ይከተላል፤ መቼም የሃይማኖት ክርክር ያለ እናት ስድብ አይደምቅም። ድንገት ስክሪኑ ላይ አንበሳ ያገሳል። ተመልካች በገንዘቡ የገዛው ስጦታ ተልኳል! ተሳዳቢው ስድቡን መሃል ላይ ይገታና ድምፁን አለስልሶ «እግዚአብሔር ይባርክሽ እህቴ» ይላል። ከዚያ ስድቡን ካቆመበት ይቀጥላል። 9 ሰዓት ላይ ሁለቱም ያሸንፋሉ። ጠዋት ያው ቪዲዮ በሁለቱም ገጽ «አፉን አስያዝኩት» ተብሎ ይለጠፋል።

አንበሳዋን የላከችው ማን ትሆን? ሪያድ ወይም ቤይሩት የሰው ቤት ስታጸዳ የዋለች ልጅ ልትሆን ትችላለች። አገሯ ናፍቋት፣ የእግዚአብሔር ቃል ልስማ ብላ ስልኳን የከፈተች። የላከችው ላቧን ነው፣ የሰማችው ስድብ። እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። ይሄ ነውር ነው። በልጅቷ ናፍቆት መነገድ ነው። መስቀል ያንጠለጠለም ይሁን መጽሐፍ ቅዱስ የታቀፈ፣ ሁላችሁም ልታፍሩ ይገባል።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ድሮስ ክርክር መቼ አጣን! ሊቃውንቱ በክርስቶስ ባሕርይ ትምህርት ተለያይተው ቅባት፣ ጸጋ፣ ካራ እየተባባሉ ስንት ዘመን ተሟግተዋል። በ1870 ዓ.ም. ግን ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ ባሉበት ተሰበሰቡ። ተከራከሩ፣ ተፈረደ፣ ጉባኤው ተበተነ። (የተፈረደበት ደስ ብሎት ሄደ አላልኩም።) እነዚያ ሰዎች የዋሆች ነበሩ። ደበሎ ለብሰው፣ ቁራሽ ለምነው፣ ዓመታት ተምረው ነው ለክርክር የሚቆሙት። የኛዎቹ ዋይፋይ ይበቃቸዋል። ዳኛም አይፈልጉም። ዳኛ ካለ ክርክሩ ያልቃል፤ ክርክሩ ካለቀ አንበሳው ከየት ይመጣል?

ደግሞ ውጤት የላቸውም እንዳትሉ። በዚህ ሁሉ ሙግት ሐሳቡን የለወጠ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ጎረቤቱን የለወጠ ግን ሞልቷል። በአንድ ጀበና ቡና ሲጠጡ የኖሩ ሴቶች ዛሬ ሲተያዩ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ይስባሉ። ወንድም የወንድሙን ሠርግ «ዝማሬው አይመቸኝም» ብሎ ይቀራል። አረማዊ ሳያስቸግረን ይህን ሁሉ በራሳችን አቅም መሥራታችን አያኮራም?

ዛሬ ማታም 4 ሰዓት ላይ ቀጠሮ አለ። ርእሱ ያው ነው፣ ተጋጣሚዎቹም ያው ናቸው፣ ሁለቱም ያሸንፋሉ። ቻርጀር አዘጋጁ።