መጻፍን የማይፈትን የቋንቋ ፈተና

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ከከፈተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነ። ወላጆች ዛሬም «ሚኒስትሪ» የሚሉት የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ግን ቋንቋውን የሚመዝንበት መንገድ ወደኋላ ቀርቷል። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ፈተናው በአብዛኛው ምርጫ ነው፤ ተማሪው ከአራቱ አንዱን ያጠቁራል፣ ማሽን ያርማል።

ሥርዓተ ትምህርቱ ማዳመጥን፣ መናገርን፣ ማንበብንና መጻፍን አራቱንም አስተምሩ ይላል። ፈተናው የሚደርሰው ንባብ፣ ቃላትና ሰዋስው ላይ ብቻ ነው። መጻፍ ተመዘነ የሚባለው አምስት የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮች ቀርበው «ትክክለኛው ቅደም ተከተል የቱ ነው?» ሲባል ነው። ይህ ሌላ ሰው የጻፈውን መደርደር እንጂ መጻፍ አይደለም። መምህሩም ፈተናው የማይጠይቀውን የመጻፍ ክፍለ ጊዜ ለከለሳ ጥያቄዎች ያውለዋል፤ በዚህ እሱን መውቀስ አይቻልም፤ ትምህርት ቤቱም እሱም የሚለኩት በልጆቹ ውጤት ነው። አንድም አንቀጽ ሳያረቅቅ 8ኛን የጨረሰ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ደግሞ አንቀጽ ጻፍ የሚባለው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው።

ምርጫውም ቢሆን በአማርኛ ሲዘጋጅ የራሱ ጣጣ አለው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ዋና» ሲላላ የውኃው ዋና ነው፣ ሲጠብቅ የበላይ ወይም ፍሬ ነገር ማለት ነው፤ ቃሉ ያለ ዓረፍተ ነገር ለብቻው ቀርቦ ፍቺው ከተጠየቀ ሁለት ትክክለኛ መልስ ይኖረዋል። አሉታም ግሱ ላይ ስለሚታሰር ረጅም ጥያቄ አንብቦ የደከመ ልጅ «ያልሆነው» የሚለውን «የሆነው» ብሎ ያልፈዋል። ቃሉን በደማቅ ፊደል ማተምና ከሥሩ ማስመር ቀላል መፍትሔ ነው፣ ግን ሁልጊዜ አይደረግም። ፈሊጣዊ አነጋገርም አለ፤ «ሆደ ሰፊ» ታጋሽ ማለት መሆኑን አማርኛ በቤቱ የሚሰማ ልጅ ሳያጠና ያውቀዋል። አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ለሚማር ልጅ ይህንኑ ጥያቄ ማቅረብ ትምህርቱን ሳይሆን አስተዳደጉን መፈተን ነው። ስለዚህ ለሁለቱ የተለያየ ፈተና ያስፈልጋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከምርጫ ጥያቄዎቹ የተወሰኑትን ቀንሶ በቦታቸው ከ80 እስከ 100 ቃላት ያለው አንድ ጽሑፍ በ25 ደቂቃ ማጻፍ ነው። ርዕሱ «የትምህርት ጥቅም» ዓይነት ከሆነ ልጆች በቃል አጥንተው የመጡትን ይገለብጣሉ። ይልቅ ፈተናው ላይ ካለው ምንባብ ወይም ሥዕል ጋር ይያያዝ፤ ለምሳሌ የተበላሸ የውኃ ቧንቧ የሚያሳይ ሥዕል ተሰጥቶ ለቀበሌው ማመልከቻ መጻፍ።

እርማቱ ከ20 ነጥብ ቢሆን 6ቱ ለሐሳብ፣ 5ቱ ለአደረጃጀት፣ 5ቱ ለቃላትና ለዓረፍተ ነገር፣ 4ቱ ለፊደልና ለሥርዓተ ነጥብ ሊሰጥ ይችላል። ሞክሼ (ድምፃቸው አንድ የሆነ) ፊደላት ነጥብ ማስቀነስ የለባቸውም፤ «ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ብሎ የጻፈ ልጅ፣ ጽሑፉ ውስጥ ወጥ እስከሆነ ድረስ፣ ሊቀጣ አይገባም። ይህ በጽሑፍ ካልተደነገገ እያንዳንዱ አራሚ የየራሱን ሕግ ያመጣል። ከእርማቱ በፊት አራሚዎች ከ10 እስከ 15 የሚሆኑ ወረቀቶችን አብረው አርመው መግባባት አለባቸው። እያንዳንዱን ወረቀት ሁለት ሰው ለየብቻ ያርም፤ ልዩነታቸው ከ4 ነጥብ ከበለጠ ሦስተኛ ሰው ይየው። ወረቀቱ ስም ሳይሆን ኮድ ብቻ ይዞ ወደ ሌላ ዞን ይሂድ፤ መምህር የተማሪውን የእጅ ጽሑፍ ያውቃልና።

«አቅም የለንም» የሚለውን መልስ እናስላው። አንዱን ጽሑፍ ለማረም 3 ደቂቃ ቢወስድ አንድ መምህር በ6 ሰዓት 120 ያርማል። 100,000 ተፈታኝ ላለው ክልል፣ ሁለት ጊዜ ሲታረም፣ 170 መምህራን 10 ቀን ይበቃቸዋል። ሦስተኛ እርማት የሚሹት ጥቂት ቀን ይጨምራሉ። አበል ይጠይቃል፣ ውጤት የሚገለጽበትን ቀንም ይገፋል። ለእኔ ይህ ተመጣጣኝ ዋጋ ነው፤ ስምንት ዓመት ያስተማርነውን ቋንቋ ልጁ ሊጽፍበት መቻል አለመቻሉን የምናውቅበት ሌላ መንገድ የለም።

ጅምሩ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ መሆን አለበት ብዬ አላምንም። በአማራ ክልል በመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ የሆኑት አዊኛና ኽምጣኛ ተናጋሪያቸው አነስተኛ ነው፤ ተፈታኞቹም እንዲሁ። ጥቂት አራሚዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው በቀናት ውስጥ ይጨርሱታል፤ መስፈርቱ የት ጋ እንደሚያነክስም እዚያው ይታያል። በእነዚህ ቋንቋዎች የሚታተም ጽሑፍ ጥቂት በመሆኑም ልጆቹ ራሳቸው እንዲጽፉ ማድረግ ከየትኛውም በላይ የሚያስፈልገው እዚያ ነው።